በወንድሟ ስም የተቀበረው

ባለቤቴ ካም-ሆ ጭቃ ላይ እንደምትሄደው አድርጎ የሚሄድ ሰው አላየሁም። የጭቃ ሳንቃ የምንለው ጠባብ ጣውላ አለ። አንዱን ጉልበት እሱ ላይ ያንበረክኩና በሌላው እግር ጭቃውን እየገፉ ይንሸራተታሉ። ሌላው ሰው ሲገፋ ያቃስታል። እሷ ወሬዋን እንኳ አታቋርጥም ነበር።

የተጋባን ሰሞን ሥራችን የሽሪምፕ ኩሬ ነበር። ኩሬው የተቆፈረው ሥሩን ጨው ውሃ ውስጥ ዘርግቶ በሚበቅለው ደን፣ በማንግሮቩ መሐል ነው። ባሕሩ ሲሞላ የውሃውን በር እንከፍታለን፣ ሽሪምፑ ከውሃው ጋር ይገባል፣ የረገፈውን ቅጠል እየበላ ያድጋል። ኋላ መንግሥት ቦታውን ለወፎቹ ብሎ ከለለው፤ ደኑ ጥብቅ ሆነ፣ በሽቦ ታጠረ። ኩሬዎቹን ሲረከቡ እኛንም አብረው ተረከቡን። ድሮ ለሽሪምፕ የምንከፍተውን በር ለወፍ መክፈት ጀመርን። ካም-ሆ ማንግሮቩን የሚያንቀውን ሐረግ ትነቅላለች፣ ባሕር ያመጣውን ፕላስቲክ ትለቅማለች፣ የግድቡን ሣር ታጭዳለች። ጉልበቷ እስኪከዳት ድረስ ያንን ሠራች። ባለፈው ዓመት ወፎቹ ከመምጣታቸው በፊት አረፈች። ሳንባዋ ነው አሉኝ። ስለ ሞቷ ብዙ የምለው የለኝም።

ኩሬው ገና የእኛ ሳለ ከባሕሩ ማዶ፣ ከድንበሩ ወዲያ ያሉ ሰዎች ተደብቀው በዋና ወደ እኛ ይሻገሩ ነበር። ዛሬ ማዶው ፎቅ በፎቅ የሆነ ከተማ ነው፤ ያኔ የሩዝ ማሳና ጨለማ ነበር። የኳስ ጎማ ነፍተው ደረታቸው ላይ አስረው ይገባሉ። የደረሰ ደረሰ። ያልደረሰውን ማንግሮቩ ይይዘዋል። ጠዋት ውሃው ሲሸሽ ሥሩ መሐል እናገኛቸዋለን፣ ለፖሊስ እንናገራለን፣ መጥተው ይወስዳሉ። የመንደራችን ሰው ስለዚህ ነገር አያወራም። የሞት እርኩሰት እንዲለቀው እጁን የትርንጎ ቅጠል በተነከረበት ውሃ ታጥቦ ሩዙን ይበላል።

ካም-ሆ የተወለደችው ማዶ ነው። ታናሽ ወንድሟ ሆይ-ቺዩ እዚያው ከእናታቸው ጋር ቀርቶ ነበር። አንድ ዓመት፣ ሙቀቱ ሲበረታ እመጣለሁ ብሎ በሰው ላከባት። ከዚያ ወዲህ ውሃው በሸሸ ቁጥር ሳንቃዋን ይዛ ትወጣለች። ኦይስተር፣ ያንን ባለ ዛጎል የባሕር ምግብ፣ ልለቅም ነው ትለኛለች። ቅርጫቷ ባዶ ሆኖ ፊቷ ግን ቀለል ብሎት ስትመለስ፣ ዛሬም አላገኘችውም ማለት ነው ብዬ ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ጠዋት የውሃውን በር ስጠግን ጠራችኝ። አልጮኸችም።

«ሽማግሌው፣ እስቲ ና» አለችኝ። ያኔ ገና ወጣት ነበርኩ፤ ሽማግሌው የምትለኝ ከሠርጋችን ማግሥት ጀምሮ ነው።

አንድ የሞተ ሰው የማንግሮቩ ሥር መሐል በጎኑ ተኝቷል። ውሃ ውስጥ ሰንብቷል። ፊቱ ፊት አልነበረም። እግሮቹን የኦይስተር ዛጎል ተልትሏቸዋል። ካም-ሆ የሱሪውን ወገብ ገልብጣ ይዛለች፤ ከውስጥ በኩል አንዲት ቀይ ከረጢት ተሰፍታበታለች። እናቷ ለልጆቿ የምትሰፋው ነው። ውስጡ ከባሕር እመቤት መቅደስ የመጣ የዕጣን አመድ አለበት፣ ውሃ እንዳይወስዳቸው። ካም-ሆ የራሷን አውጥታ ሁለቱን ጎን ለጎን ያዘቻቸው። የእናቷ ስፌት ጠርዝ ላይ ሲደርስ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ይመለሳል። ሌላ ሴት እንዲያ አትሰፋም።

«እሱ ነው» አለች።

ለፖሊስ ሳንናገር ከኩሬው ጀርባ ካለው ግድብ ላይ ቀበርነው። ለእናቷ መርዶውን በሰው ላከችላት። ከማዶ የተመለሰው ሰው፣ እናትየው ሰምታ ለዶሮዎቹ ጥሬ ልትሰጥ ወጣች አለን።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንደ ልማዳችን መቃብሩ ተከፍቶ አጥንቱ ወጣ። ሥራው ባለሙያ አለው። ካም-ሆ ለባለሙያ አልሰጥም አለች። አጥንቱን ፀሐይ እንዳያየው እኔ ጃንጥላ ያዝኩላት። እያንዳንዱን በሩዝ አረቄ አጠበች፣ አበሰች፣ እንደ ተቀመጠ ሰው ከእግር ጀምራ ወደ ላይ በሸክላ ማሰሮ ውስጥ ደረደረች፣ የራስ ቅሉን ከላይ አኖረች። የጭኑን አጥንት ይዛ ብዙ ቆየች። የደከማት መስሎኝ «ልተካሽ?» አልኳት።

«ጃንጥላውን ቀጥ አድርገህ ያዝ» አለችኝ።

ማሰሮው እዚያው ግድቡ ላይ ቆየ። ደኑ ሲታጠር ከሽቦው ውስጥ ቀረ፤ ኃላፊዎቹም ከእነሱ በፊት የነበረ ነው ብለው ተዉልን። በመቃብር ጠረጋው በዓል የይለፍ ወረቀታችንን ለጠባቂው እያሳየን፣ የተጠበሰ አሳማና ብርቱካን ይዘን እንገባለን። ቤት ደግሞ ለሙታኖቻችን ባቆምነው መደርደሪያ ላይ የሆይ-ቺዩ ፎቶ አለ፤ አንገቱ ቀጭን የሆነ ልጅ። ካም-ሆ ጠዋት ጠዋት ዕጣን ትለኩስለት ነበር።

እንዲህ ሆነን ብዙ ዓመት ኖርን። እናቷም ማዶ ሞተች።

ከዚያ አንድ ብርድ የበረታበት ወር ነው። አፋቸው ማንኪያ የሚመስለው ነጫጭ ወፎች ደርሰዋል፤ ጎብኚዎች አቅርቦ ማሳያ መነጽር አንጠልጥለው በቡድን ይመጣሉ። እኔ የውሃውን በር ጣውላ እለውጣለሁ። ካም-ሆና የሥራ ጓደኛዋ ፉን ሐረግ ይነቅላሉ። ፉን አፏ አያርፍም።

«አንቺ ካም-ሆ፣ ይሄ ሐረግ ከአማቴ በምን ይለያል?»

«ሐረጉ ሲነቅሉት ዝም ይላል» አለቻት ካም-ሆ።

ፉን እየሳቀች ቀና ስትል ነጭ ቆብ ያደረገ ወፍራም ሰው ከቡድኑ ተነጥሎ መንገዱ ላይ ቆሟል።

«ጋሼ፣ መንገዱ በወዲያ ነው። እዚህ ከኛ ሌላ ወፍ የለም» አለችው።

ሰውየው እሷን አላያትም። «እትዬ» አለ።

ካም-ሆ ዞረች።

«እትዬ አ-ሆ። እኔ ነኝ። ቺዩ።»

አ-ሆ የልጅነት ስሟ ነው፤ እኔ መዶሻዬን ይዤ ቀረሁ። ካም-ሆ አልጮኸችም፣ አልወደቀችም። የነቀለችውን ሐረግ ክንዷ ላይ መጠምጠም ጀመረች። ጠምጥማ ጨረሰች፣ ፈታችው፣ እንደገና ጠመጠመችው። ዓይኗ ግን ከሰውየው አልተነሣም። 

ፉን ሮጣ ወደ እኔ መጣች። «ጋሽ ቹንግ፣ ጥላ አለው» አለችኝ በሹክሹክታ። «አይቻለሁ። ደግሞ የሞተ ሰው ይሄን የሚያክል ሆድ ከየት ያመጣል?» እጄን ይዛ ነበር።

ካም-ሆ ሐረጉን መሬት አስቀመጠች። «በልተሃል?» አለችው።

«አልበላሁም።»

«ና እንግዲህ» አለች፤ ቀድማው ወደ ቤት መንገድ ገባች።

ቤት ስንገባ ሆይ-ቺዩ መጀመሪያ ያየው መደርደሪያውን ነው። ጠዋት የተለኮሰው ዕጣን አመዱ አልረገፈም። ፎቶውን አየ፣ ከፎቶው ፊት የተደረደረውን ብርቱካን አየ። ቆቡን አወለቀ።

«ይሄ እኔ ነኝ» አለ።

«አዎ» አለች ካም-ሆ። አንዱን ብርቱካን አንስታ እጁ ላይ አኖረችለት። «ብላ። የተቀመጠው ላንተ ነው።»

አልላጠውም። ሲናገር ሁሉ ይዞት ነበር።

ውሃ የገቡት ሁለት ሆነው ነው፤ እሱና የጎረቤታቸው ልጅ ሱይ-ሳንግ። ሱይ-ሳንግ ፈርቶ ጥርሱ ይንቀጫቀጭ ነበር። ሆይ-ቺዩ የራሱን ሱሪ አውልቆ ከነከረጢቱ አለበሰው፣ የሱይ-ሳንግን ራሱ ለበሰ። የእናቴ ከረጢት ካለህ አትሰምጥም አለው። መሐል ላይ የጠባቂ ጀልባ መብራት መጣ። ሆይ-ቺዩ ወደ ኋላ ተመለሰ። ሱይ-ሳንግ ወደፊት ቀጠለ።

«ባሕሩ ዳር ያዙኝ» አለ። «ታሰርኩ። ስፈታ አንድ የሰፈራችንን ሰው ገበያ ላይ አገኘሁት፤ አየኝና ቅርጫቱን ጥሎ ሮጠ። ኋላ ስጠይቅ ማን መሆኔን የማያውቁ ሰዎች፣ ሆይ-ቺዩ ሞቷል፣ እህቱ ቀብራዋለች ብለው ነገሩኝ። ያኔ ገባኝ፣ የቀበርሽው ሱይ-ሳንግን ነው።»

«ታዲያ እማዬ ጋ አትሄድም?» አለች ካም-ሆ።

«ሄጄ ነበር እትዬ። መንደሩ ዳር ደረስኩ። እኛ ቤት ለመድረስ የግድ በሱይ-ሳንግ እናት በር ማለፍ ነው፤ ታውቂዋለሽ መንገዱን። በሩ ላይ ተቀምጣለች። ልጄስ ብትለኝ ምን እላታለሁ?»

«ከዚያስ?»

«ወደ ሰሜን ሄድኩ። ሲሚንቶ ፋብሪካ ገባሁ።»

«እማዬ ስላንተ ስታለቅስ ሞተች።»

«አውቃለሁ።»

ምድጃው ላይ የሩዙ ውሃ ገነፈለ። ማናችንም አልተነሣንም። ሰው የሌላ እናት ዓይን ፈርቶ ለገዛ እናቱ እንደ ሞተ ሆኖ ሊኖር ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ዛሬም ሳስበው እንደ አዲስ ነው የምደነግጠው።

ሆይ-ቺዩ የመጣው ለመታየት ብቻ አልነበረም። የሱይ-ሳንግ እናት በሕይወት አለች። ልጇ ተሻግሮ፣ ሀብታም ሆኖ፣ የረሳት ይመስላታል። ወደዚህ የሚመጣውን መንገደኛ ሁሉ፣ ልጄን ካገኛችሁት ገንዘብ አልፈልግም፣ ድምፁን ብቻ ያሰማኝ በሉት ትላለች። ምስጢሩን የያዘለት አንድ ዘመድ ይህን ከነገረው ወዲህ እንቅልፍ አጥቷል።

«አጥንቱን ውሰጂላት እትዬ» አለ። «ከሰው ሰማሁ በያት። የኔን ስም አታንሺ። ሞቼ ልቅር።»

 ካም-ሆ ወደ እሱ ሳይሆን ወደ እኔ ዞረች።

«ሽማግሌው፣ እኔ እኮ አውቄ ነበር» አለችኝ።

«ምኑን?»

«የታጠበ ዕለት። የጭኑ አጥንት ረጅም ነው። ቺዩ አጭር ነበር፣ እንደ አባታችን። ይዤው ቁጭ አልኩ። እሱ ካልሆነ ቺዩ ገና ውሃ ውስጥ ነው ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። እሱ ይሁን ብዬ አስገባሁት።»

ጃንጥላውን ይዤ አጠገቧ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። ከአንድ ድስት እየበላን፣ በአንድ አልጋ እየተኛን፣ በየዓመቱ አብረን እየሰገድን፣ ይህን ነገር ሆዷ ውስጥ ይዛው ኖራለች።  ተነሥቼ ሩዙን ከምድጃው አወረድኩ።

«እወስደዋለሁ» አለችው ወንድሟን። «ግን አንተ ነህ የምትሸከመው።»

አጥንቱን ድንበር ለማሻገር ፈቃድ እስኪሰጠን ብዙ ተመላለስን። የጥብቁ ደን ኃላፊዎች ማሰሮው ከግድቡ ሲነሣ ሰው ላኩልን። ፉንም በሥራ ልብሷ መጥታ ዕጣን ለኮሰች። «እስካሁን በሰው ስም ስንጠራህ ዝም ያልክ፣ ጨዋ ልጅ ነህ» አለችው ማሰሮውን። ካም-ሆ ወንድሟ ከመጣ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀሰችው ያኔ ነው።

ሆይ-ቺዩ ማሰሮውን በጨርቅ ጠቅልሎ ጀርባው ላይ አዘለው። አውቶቡስ ውስጥም አላወረደውም፤ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሄደ። መንደሩ ደርሰን ወደ ሱይ-ሳንግ እናት ቤት የሚታጠፈው ማዕዘን ላይ ግን ቆመ። ላቡ በአንገቱ ይወርዳል፣ ብርድ ነበር።

«ከዚህ ወዲያ አልችልም» አለ።

ካም-ሆ አልተከራከረችውም። ማሰሮውን ከጀርባው ፈታነው፣ እሷና እኔ ተጋግዘን ያዝነው።

አሮጊቷ በሯ ላይ ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ ተቀምጣ አተር ትፈለፍላለች። ዓይኗ ደክሟል፤ ፊቷን ወደ እግራችን ድምፅ አዞረች።

«ማን ናችሁ?»

«የላይኛው ቤት ልጅ ነኝ እማማ። የሆይ-ቺዩ እህት።»

«እህ። የሞተው ልጅ እህት» አለች። «እናትሽ ታድላለች። የልጇን መቃብር አውቃ ሞተች። የኔው እዚያ ሚስት አግብቶ፣ ሆድ አውጥቶ፣ እናት እንዳለው ረስቷል። ካገኘሽው ንገሪው፣ እኔም ረስቼዋለሁ በይው።»

ካም-ሆ መሬት ተንበረከከች። «አልረሳዎትም እማማ» አለች። «ይኸው።»

ጨርቁን ፈታችው። የአሮጊቷን እጅ ይዛ ማሰሮው ላይ አኖረችው። የአሮጊቷ እጅ የአጥንት ማሰሮ መሆኑን አወቀ፤ በኛ አገር ያን ዓይነት ማሰሮ ለሌላ ነገር የሚያውል የለም። እጇን መለሰች። አተሯን መፈልፈል ቀጠለች። ፍሬውን መሬት እየጣለች ገለባውን ጎድጓዳው ሳህን ውስጥ ትከት ነበር። ካም-ሆ ማንግሮቩን፣ ሱሪውን፣ ከረጢቱን ነገረቻት። የሚቆጠር ቃል ነው የተናገረችው። የአሮጊቷ እጅ አልቆመም።

«ማን አጠበው?» አለች በመጨረሻ።

«እኔ።»

«በምን?»

«በሩዝ አረቄ።»

«አረቄ አይወድም ነበር» አለች አሮጊቷ።

ሳህኑ ሞልቶ ገለባው ጉልበቷ ላይ ይፈስ ጀመር። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

«ወንድምሽ ሱሪውን እንደ ሰጠው ማን ነገረሽ?» አለች።

 ከሰው ሰማሁ በያት ብሏት ነበር ሆይ-ቺዩ፤ እሷም እሺም እንቢም አላለችውም። ካም-ሆ ማዕዘኑን ዞር ብላ አየችው። ሆይ-ቺዩ ከተቀመጥንበት አይታይም።

«ራሱ ነገረኝ» አለች። «አልሞተም እማማ። የኔን ወንድም መስሎኝ የቀበርኩት የእርስዎን ልጅ ነው። እሱ ማዕዘኑ ላይ ቆሟል። ደጅዎ መድረስ ፈርቶ ነው።»

የአሮጊቷ እጅ ያኔ ቆመ።

«እስከ ዛሬ?»

«እስከ ዛሬ።»

«ጥሪው» አለች። «ልጄ መጨረሻ ያለውን የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። ጥሪልኝ።»

ካም-ሆ ሄደች። ድምፃቸው ይሰማኝ ነበር። እሱ የሚለው አይለይም፤ የእሷ ይለያል።

«እኔ አጥንቱን አንድ በአንድ አጥቤያለሁ። አንተ አፍህን መክፈት ያቅትሃል?»

እጅጌውን ይዛ፣ ከትምህርት ቤት እንደ ቀረ ልጅ እየጎተተች አመጣችው። አሮጊቷ ተነሥታ በሩን ይዛ ጠበቀችው። ሁለቱ ገቡ፣ ማሰሮውንም አስገቡት፣ በሩ ተዘጋ።

ካም-ሆ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። እኔ መሬት የተበተነውን አተር መልቀም ጀመርኩ። ከውስጥ የሱ ድምፅ ይሰማል፣ ዝቅ ያለ፣ ሳያቋርጥ። ከዚያ ቆመ። ከዚያ አንድ ጥፊ ሰማን። ካም-ሆ አልተነሣችም፤ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ በሩን ታያለች። ከጥፊው በኋላ ብዙ ጊዜ ምንም ድምፅ አልነበረም። የሆነ ነገር ሆኖ ይሆን ብዬ በሩን ልገፋ ስል ድስት ሲወርድ፣ ውሃ ሲቀዳ፣ ቢላዋ መክተፊያ ላይ ሲመታ ሰማሁ።

ውስጥ ለአሮጊቷ ምን ብሎ እንደ ነገራት ሆይ-ቺዩ ለእኛ አልነገረንም። ካም-ሆም አልጠየቀችውም፣ እስክትሞት ድረስ።

«እናንተ ውጭ ያላችሁት» አለ የአሮጊቷ ድምፅ፣ «አተሩን ይዛችሁ ግቡ እንጂ። ሩዙ ሊቀዘቅዝ ነው።»

ገባን። ጠረጴዛው ላይ ከሰዉ አንድ የሚበልጥ ሳህን ቀርቧል። ትርፉ ማሰሮው ፊት ነው፣ የመብያ እንጨቱ፣ ቾፕስቲኩም፣ ተቀምጦለታል። ከማሰሮው ቀጥሎ ሆይ-ቺዩ፣ አንድ ጉንጩ ቀልቶ፣ ዓይኑን ሳህኑ ላይ ተክሎ ተቀምጧል። አሮጊቷ ዓሣውን በጣቷ እየዳበሰች አጥንቱን አወጣች፤ መጀመሪያ ለልጇ ሳህን፣ ቀጥላ ለሆይ-ቺዩ አደረገችለት።

«ብላ» አለችው።

ካም-ሆ ቾፕስቲኳን አነሣች። እኔ ቶሎ ማንሣት አልቻልኩም።